የተነፈሰው ኳስ

እሑድ፣ የካቲት 7

ድምፄ ተዘግቷል። ውኃ ስውጥ ጉሮሮዬ ይቆጠቁጠኛል። ያን ሁሉ ጮኼ ደግሞ ጨዋታው አላለቀም። አንድ ለአንድ እንደሆንን መምህር ካሣ ፊሽካውን ነፋና «ሌላ ኳስ የለም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አለን። ዳኛው እሱ ነው፣ ምን ይደረጋል።

እንደሆነው ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሲያጣምመው ማቃኛ ይሆነኛል። ጨዋታው የከተማችን የጎንደር ቡድን ከአዘዞ ቡድን ጋር ነው። ኳሱ የአዘዞዎች ነው፤ የኛው ባለፈው ወር ተቀዷል። የሚስቴ ወንድም አስፋው ከዕረፍት በፊት አንድ አገባ። እንዴት ያለች ሸጋ ጎል! በረኛቸው እንደተንበረከከ ቀረ። በዕረፍት ሰዓት የአዘዞው ኳስ ጠባቂ አያ ውብነህ ኳሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ወስፌ አወጡ። ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ ኳሱን የሰፉትም የሚጠግኑትም እሳቸው ናቸው። እኔ አሥር እርምጃ እንኳ አልራቅሁም። ወስፌው ሲገባ አየሁ።

ከዕረፍት በኋላ ኳሱ እየላላ ሄደ። አስፋው በረኛውን አታልሎ ባዶ ግብ ላይ የመታው ኳስ መስመሩ ጋ ሲደርስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝርፍጥ ብሎ ቆመ። ተነፋ፣ ተመልሶ ተነፈሰ። በዚህ ግርግር መሀል አዘዞዎች አገቡብን። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት።

«ወጋው! በወስፌ ወጋው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

አንቱ ማለቱን እንኳ ረሳሁት። አጠገቤ ያሉት ተቀበሉኝ፣ ከነሱ ደግሞ ከወዲያኛው መስመር ያሉት ተቀበሉ። ወዲያው ሰው አያ ውብነህን ከበባቸው። ባርኔጣቸው ሲወድቅ አየሁ። ፖሊሶች ገብተው አወጧቸው።

ጨዋታው በሚመጣው እሑድ ይደገማል። ኳሱ መምህር ካሣ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። ሚስቴ የሺ ለጉሮሮዬ ማር በሎሚ በጥብጣ ሰጠችኝ። አስፋው ራቱን ሳይበላ ተኛ። ምን ይብላ፣ የእሱ ጎል እኮ ነው የተሰረቀው።

ሰኞ፣ የካቲት 8

መዝገብ ቤት ስገባ ሁሉም እኔን ይጠብቃል።

«አየህ አሉ?»
«አየሁ።»
«በወስፌ?»
«በወስፌ።»

አለቃችን ሳይቀሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስድስት ዓመት እዚህ ቤት በታይፕ ደብዳቤ ስመታ እንዲህ ሰው ከቦኝ አያውቅም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል። ደግሞ ዛሬ አሥራ አራት ደብዳቤ መትቼ አንዱንም አላበላሸሁም።

ከሥራ በኋላ ፒያሳ፣ ፀጉር አስተካካዩ በላይ ቤት። ፀጉሩን የሚቆረጠው አንድ፣ የሚከራከረው አሥራ አምስት። ዋንጫው ያለ ጨዋታ ለኛ ይሰጠን የሚል አለ። የለም፣ ኳሱ ያረጀ ነው፣ እኛው ነን የተንቦቀቦቅነው የሚል አለ፤ እሱን ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም። አንዱ ደግሞ የመምህር ካሣ ሚስት የአዘዞ ልጅ መሆኗን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አመጣው። በላይ መቀሱን እንደያዘ ሁሉንም ይዳኛል፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይጠብቃል።

እኔ ነገሩን አራት ጊዜ ተናገርኩ። በአራተኛው ጊዜ ወስፌው ስንዝር ከግማሽ ሆኖ ነበር መሰለኝ።

መሪጌታ ልሳኑ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩ። ከቅዳሴ ይልቅ ለኳስ ነው የሚሮጡት እየተባሉ የሚታሙ ናቸው። «ጥበቡ» አሉኝ፣ «ወስፌው የት ሲገባ ነው ያየኸው?»

«ኳሱ ውስጥ ነዋ!»

«ኳሱ እኮ አፍ አለው። አፉን የሚያስሩበት ጠፍር አለ። ጠፍሩን በወስፌ እያሾለኩ አይደል የሚያጠብቁት?»

ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ። «መሪጌታ፣ እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?» አልኳቸው። ከግቡ ጀርባ እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል፣ ከዚያ ሆነው ሊያዩ አይችሉም። አፋቸውን አስዘጋኋቸው።

አስዘጋኋቸው ብዬ ጻፍኩ እንጂ ጥያቄያቸውን ይኸው ቤት ድረስ ይዤው ገብቻለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬ ብቻ የሰማሁት፦

ወስፌው መርዝ ተቀብቶ ነበር። (ኳስ በመርዝ ይሞታል እንዴ?)

ወስፌዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱን ሌላ ሰው ይዞታል።

ከግባችን ቋሚ ሥር የተቀበረ መድኃኒት አለ። ሦስት ጎረምሶች ሄደው ቆፍረዋል። ያገኙት ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የሳርዲን ቆርቆሮ ነው። እሱንም ወደ ወንዝ ጥለውታል፣ ለማንኛውም ብለው።

አያ ውብነህ ጥፋታቸውን አውቀው ወደ ኮላ ድባ ሸሽተዋል።

ይኼን ሁሉ በዓይኑ ያየ ምስክር አለ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» ብል ማን ይሰማኛል። «ፈርተህ ነው፣ አይዞህ፣ እኛ አለን» ይሉኛል። ትከሻዬን እየመቱ።

በላይ ቤት አንዱ ልብስ ሰፊ፣ «ውብነህ ቆዳ ፋቂ አይደል እንዴ? ወስፌውስ ምን ያደርግለታል፣ በዓይኑ ያፈርጠው የለ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ነው። ግን ሳቅሁ።

መሪጌታ አልሳቁም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

የሥራ ባልደረባዬ ደምሴ ከጠረጴዛዬ ጎን መጥቶ እንደ ብሥራት አወራኝ። ወንድሙ ሊያገባ ነው። ለሙሽራዋ በቅሎ አዲስ ኮርቻ አያ ውብነህን አዝዘው ነበር። ትናንት ሰው ልከው «ተወው» አስባሉ። አባቱ፣ «ቡዳ የሰፋው ኮርቻ ላይ ሙሽራ አላስቀምጥም» ብለዋል። «ጥበቡ ባይናገር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!» ብለው መርቀውኛልም።

መርቀውኛል!

ሰውየው ኮርቻ እየሰፉ ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ለዚህ አገር ሙሽራ ሁሉ ሰፍተዋል። ያን ጊዜ እጃቸው ጥሩ ነበር። እኔ አንድ ቀን ብጮህ እጃቸው ቡዳ ሆነ። ግን ደግሞ፣ ወስፌውን አይቼ የለም? አይቻለሁ። ሲገባ አይቻለሁ። የት ሲገባ?

አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። አለቃችን ገላመጡኝ።

ማታ የሺን «ያየሁትን ባላይስ?» ብላት «ምነው፣ ሰው ሁሉ ያየውን?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ያየው ከእኔ ሰምቶ ነው እኮ። አስፋው እንጀራውን ይዞ ተነስቶ ደጅ ወጣ።

መምህር ካሣ ልኮብኛል። ነገ ኳሱን ይከፍቱታል። «አየሁ ያልከው አንተ ነህና እዚያ ተገኝ» ይላል ወረቀቱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

ይህን ገጽ ባልጽፈው እወድ ነበር። ቢሆንም እጽፋለሁ።

አብዱ ጎማ የሚለጥፍበት ቤት ተገናኘን፤ እኔ፣ መምህር ካሣ፣ መሪጌታ ልሳኑ (ማንም አልጠራቸውም)፣ ከአዘዞ ቡድን ደግሞ አንድ ሰው። አያ ውብነህ አልመጡም። አብዱ የጭነት ማኪና ጎማ ሲያላቅቅ ጠበቅነው። እጁን ታጥቦ ኳሱን ተቀበለ፣ ጠፍሩን ፈታ፣ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣው። ነፋው። ገንዳው ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ቀስ እያለ አዞረው።

አፉ ጋ ምንም የለም። ጠፍሩ የታሰረበት ጋ ምንም የለም። አዞረው፣ አዞረው። ከአፉ በተቃራኒ ያለው ጎን ላይ ሲደርስ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«እነሆ» አለ አብዱ። ከዚያ ቆዳውን አነሳና በዚያው ትይዩ በጣቱ ፈለገ። ቀዳዳውን አገኘው። ወደ ብርሃን አስጠጋው። «ወስፌ ክብ ነው። ይኼ ማዕዘን አለው። አራት ማዕዘን። ይኼ የጫማ ሚስማር ነው።»

ከደጅ አንድ ማኪና ክላክስ ነፋ።

መምህር ካሣ ፊቱ ቀላ። «ከጨዋታው በፊት የሃያ ሁለቱንም ሰው ጫማ ገልብጬ አይቻለሁ። ሚስማር የነበረው አንድም የለም።»

«እንግዲያ ካየኸው በኋላ አንዱ ሚስማር መትቶበት ነዋ» አለ አብዱ። ለእሱ እንደዚያ ቀላል ነው። ጎማ እንጂ ሰው አይለጥፍም።

መሪጌታ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» አሉ። እንደ መምከር አይደለም። ያነበቡትን እንደሚያስታውስ ሰው ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ አስፋው አልነበረም። ጫማው አልጋው ሥር ነው። ገለበጥኩት። የቀኝ እግሩ አፍንጫ ላይ ሁለት ሚስማሮች አሉ፣ ጭንቅላታቸው በድንጋይ የተቀጠቀጠ። አንደኛው ጎብጦ ወደ ፊት ወጥቷል። በጣቴ ነካሁት። አራት ማዕዘን አለው።

መልሼ አስቀመጥኩት፣ ልክ እንደነበረ።

ዓርብ፣ የካቲት 12

አስፋውን ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ያዝኩት። ጫማህን አይቻለሁ አልኩት። አልካደም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ መምህር ካሣ ካየው በኋላ፣ ጫማው አፉን ከፈተ። ሌላ ጫማ የለውም። ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ጀርባ ሄዶ በድንጋይ ሁለት ሚስማር መታበት። ክልክል መሆኑን ያውቃል። ከዕረፍት በኋላ ሚስማሩ ሲወጣ እግሩ ላይ ታውቆታል። ኳሱ በማን ምት እንደላላም ታውቆታል።

«ታዲያ ሰውየው ሲከበቡ ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። «ወጋው ያልከው አንተ። እኔ አልኩ? ኳሱ ሲተነፍስ እኔ አሁን ይዙኛል ብዬ ቆሜ ነበር። ከዚያ አንተ ጮኽክ። የገዛ እህቴ ባል! ልወጣ ስል በሩን ዘጋህብኝ።»

ትቼው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ለየሺ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ አመነችኝና ይባስ ተቆጣች። «ሚስማሩን ነቅሎ ይጥለው፣ ነገሩ እዚህ ይቅር። ለአዘዞ ሰው ብለህ ወንድሜን ልታዋርድ?»

«ሰውየው ቡዳ ተባሉ እኮ።»

«እሱን ያልነው እኛ ነን?»

አዎ፣ ልል ነበር። አላልኩም። ምስሩን ፊቴ አስቀምጣ ሄደች።

ይህን ደብተር እቀደው ይሆን ብዬ አሰብኩ። የእሑዱን ገጽ አነበብኩት። «ወስፌው ሲገባ አየሁ» ይላል። ጽሑፌ እንዴት ያምራል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 13

በገበያው አያ ውብነህ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነው። ጎናቸው ገመድ የሚሸጡትን ሴት ጠየቅኋቸው። «ይኸን ሁሉ ዓመት ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ምን ያድርጉ፣ መጥተው ይሰደቡ?» አሉኝ። ማን መሆኔን አላወቁም።

በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሬ አዘዞ ወረድኩ። ቤታቸውን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየ ነው ያሳየኝ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠፍር ሲያለፉ አገኘኋቸው። ያልተጨረሰ ኮርቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የማን እንደሆነ አወቅሁ።

አወቁኝ። አልተነሡም፣ አላባረሩኝምም። ባለቤታቸው ብቅ ብለው አዩኝና ተመልሰው ገቡ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመነዳሪውን፣ ሚስማሩን፣ የማን ጫማ እንደሆነ ሳይቀር። ስናገር ጠፍሩን መሳብ አላቋረጡም። ስጨርስ ቀና አሉ።

«በዚያን ቀን ስትጮህ ስንት ሰው ነበር?»

«እኔ እንጃ። ሜዳው ሙሉ ነው አያ።»

«አሁን ስንት ሰው አለ?»

ዙሪያዬን አየሁ። እሳቸው፣ እኔ፣ አንዲት ዶሮ።

«ያን ስትናገር አገር ሰምቶህ፣ ይኸን ለእኔ ብቻ ትነግረኛለህ? እኔማ አለመውጋቴን አውቃለሁ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከሰው መሀል የወሰድከውን ከሰው መሀል አምጣው።»

«ይቅር ይበሉኝ አያ።»

«እሱን ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ።»

ሲመሽብኝ ማኪና ቶሎ አላገኘሁም። ግማሹን መንገድ በእግሬ መጣሁ። ስመጣ ነገ የምለውን አሥር ጊዜ ለራሴ ተናገርኩት፤ አሥሩም ጊዜ የአስፋው ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እሑድ፣ የካቲት 14

አልፏል። አልፏል ብዬ ብጽፍ ይሻላል።

ሜዳው ካለፈው እሑድ የበለጠ ሞልቷል። የመጡት ለኳሱ ነው ለጠቡ? አብዱ ከመነዳሪውን ለጥፎታል። አያ ውብነህም መጥተዋል፤ በሁለት ፖሊስ መሀል ቆመው፣ ኳሱን ታቅፈው። የሚጮህባቸው ብዙ ነው። የጮሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

መምህር ካሣን «ልናገር» አልኩት። ፊቴን አየና ፊሽካውን ረዥም አድርጎ ነፋልኝ። ሜዳው መሀል ገባሁ።

«ባለፈው እሑድ ወጋው ብዬ የጮኽኩ እኔ ነኝ!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አጨበጨቡልኝ! «ዋሽቻለሁ!» አልኩ። ጭብጨባው ከፊት ከፊት ቆመ፣ ከኋላ ያሉት ገና ያጨበጭባሉ። «አያ ውብነህ ጠፍር ነው ያጠበቁት። ኳሱን የወጋው ወስፌ አይደለም፣ የጫማ ሚስማር ነው። ያውም የኛ ቡድን ጫማ!»

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። «አዘዞዎች ስንት ቀንድ ጠጅ አጠጡህ!» የሚል ሰማሁ። ጓል ጀርባዬን መታኝ። «ጫማው የማን ነው? ተናገር! የማን ነው?» ይሉኛል። ትናንት መንገድ ላይ አሥር ጊዜ የቆምኩበት ስም ላይ ቆምኩ። የሺ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች።

አስፋው መሬት ላይ ቁጭ አለ። በመጀመሪያ ያመመው መሰለኝ። የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ሁለቱንም አወለቀ፣ በባዶ እግሩ ተነሥቶ መጣና ለመምህር ካሣ ሰጠው።

«የኔ ነው» አለ።

ብዙ ሰው አልሰማውም፣ ግን ጫማውን ሲሰጥ ሁሉም አየው። ጩኸቱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየጠፋ ሄደ። መምህር ካሣ አስወጣው። ጨዋታው ያለ እሱ ተጀመረ።

አያ ውብነህ ኳሱን መሀል አስቀምጠው ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ሰማሁ» አሉኝ። እሱን ብቻ። ማርኩህ ማለታቸው ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ዋንጫው አዘዞ ሄደ። ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው እግሬ ሥር ተፋ።

ሰኞ፣ የካቲት 15

አስፋው ማለዳ ኮላ ድባ፣ አጎቱ ዘንድ ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም። ለእኔ ምንም አላለኝም። እህቱን ስሞ ወጣ።

መዝገብ ቤት ማንም ወንበር አልሳበልኝም። ደምሴ ሰላምታዬን የመለሰው በግማሽ አፉ ነው። አባቱ ኮርቻውን መልሰው ያዝዙ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እንጃ» አለ። «ሚስማሩስ እሺ። ግን ሰው አንዴ ያለውን…» ብሎ ተወው። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። አንድ ቃል ለመጮህ ትንፋሽ አልፈጀብኝም፤ ለመመለስ ግን ሳምንትም አልበቃኝም። ሁለት ደብዳቤ አበላሸሁ።

ፀጉሬ አድጓል። በላይ ቤት ላለመሄድ አሰብኩ። ሄድኩ።

ስገባ ዝም አሉ። ትንሽ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ወዲያው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። የትናንቱ ሁለተኛው ጎል በእጅ ነው የገባው፣ በጭንቅላት ነው? የአዘዞው አጥቂ እጁን አንሥቶ ነበር። አላነሣም። አንሥቷል፣ እኔ አይቻለሁ። አንተ ከየት ታያለህ! ልብስ ሰፊው ተነሥቶ በእጁ እየገፋ አሳየ።

በላይ ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ፣ «እስቲ ጥበቡን እንጠይቅ፣ ግቡ አጠገብ ነበር» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንደ ባለፈው ሰኞ።

ኳሱ ከማዕዘን ተመትቶ ሲመጣ አስታውሳለሁ። የሰውየው ትከሻ ሲነሣም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ግን አስፋውን ነበር የማየው፤ ከመስመሩ ውጭ በባዶ እግሩ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ።

«አላየሁም» አልኩ።

«እንዴት አታይም? ፊትህ እኮ ነው!»

«ሌላ ነበር የማየው። አላየሁም።»

ተናደዱ። ልብስ ሰፊው «አሁንም ለአዘዞ ነው የሚያደላው» አለ። መሪጌታ ልሳኑ ከጥጋቸው ሆነው፣ «ይመዝገብልን፤ ጎንደር ላይ አንድ ሰው አላየሁም አለ» አሉ። በላይ ሳቀ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ፀጉሬን ቆረጠኝ።

ቤት ስገባ የሺ፣ «ምን አሉህ?» አለችኝ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው።

«ምንም» አልኳት።

የአስፋውን አልጋ እያነጠፈች፣ «አስፋው ጋቢውን ሳይይዝ ነው የሄደው» አለች።

ነገ ወደ ኮላ ድባ የሚሄድ ማኪና እጠይቃለሁ። ጋቢውን ልላክለት ወይስ ራሴ ልውሰድለት፣ ገና አልወሰንኩም።